ቀን ፎቶኮፒ፣ ማታ ሩጫ፦ ሳይቴን ልዝጋው ወይስ ላቆየው?

ቡሬ ፎቶኮፒ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁሌ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ጥያቄ ይዤ መጣሁ።

ቡሬ ነው የምኖረው። መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ሲቪ አዘጋጃለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ፣ የትምህርት ማስረጃ ላሚኔት አደርጋለሁ። ማታ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ስለ ረጅም ርቀት ሯጮቻችን የሚያወራ የአማርኛ ድረ ገጽ አለኝ። ገቢ የለው፣ ማስታወቂያ የለው። ሩጫ ስለምወድ ብቻ የያዝኩት ነገር ነው።

የጀመርኩት ነሐሴ 2008 ነው። ነሐሴ 6 አልማዝ አያና ሪዮ ላይ 10 ሺህ ሜትሩን በ29፡17.45 ስትጨርስ ደንበኛ አቁሜ ነው ያየሁት። ሰውየው ራሱ ማመልከቻውን ረስቶ አብሮኝ ይጮህ ነበር። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየው የቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ የዓለም ክብረ ወሰን፣ 29፡31.78፣ በአንዴ ከ14 ሰከንድ በላይ ተቆረሰ። በማግሥቱ ይህንን በአማርኛ፣ በወጉ ተሰድሮ የማነበው ቦታ ፈለግሁ። እዚህም እዚያም ቁርጥራጭ ብቻ። «በቃ እኔው ልጻፈው» አልኩ።

ያኔ ላጤ ነበርኩ። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትንሹ ስምንት ወሩ ነው፤ ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ሌሊቱን ከእናቱ ጋር በፈረቃ ነው የምንይዘው። ባለቤቴ ሳይቱን «ጣውንቴ» ትለዋለች። ስትስቅ ነው የምትለው። ሰሞኑን ግን ሳቁ እየቀነሰ ነው።

የቀረኝ ጊዜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ነው። እሱም መብራት ካለ፣ ኔት ካለ፣ ልጁ ከተኛ። ሦስቱ የሚገጣጠሙት በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው።

ችግሬን ልዘርዝር። መጀመሪያ ዜናው ነው። ውድድር ባለቀ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ውጤቱ የታል?» የሚል መልእክት ይመጣል። ዋና ዋና ማራቶኖች ብዙ ጊዜ እሑድ ናቸው፤ በርሊን በእኛ ከጠዋቱ 4፡15 ነው የሚነሣው። መስከረም ደግሞ የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ እሑድም ሱቅ እከፍታለሁ። መስከረም 18 ቀን 2012 ቀነኒሳ በቀለ እዚያው በርሊን ላይ 2፡01፡41 ሲገባ፣ ከኪፕቾጌ ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ ሲዘገይ፣ እኔ በአንድ እጄ የተማሪ ካርድ ማሽኑ ውስጥ እየከተትኩ በሌላው ስልክ እነካካ ነበር። 2፡01፡14 ብዬ ጻፍኩ። በእኔ ቤት ቀነኒሳ ክብረ ወሰን ሰበረ ማለት ነው! ስንት ሰው እየተቀባበለ እንደተደሰተ አልነግራችሁም። ማረሚያውን ያነበበው ግን ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይቱ የተሠራው ወርድፕረስ በሚባል የድረ ገጽ ማዘጋጃ ነው፤ በየጊዜው መታደስ አለበት። ሳላድሰው ስድስት ወር ቆይቼ አንድ ቀን ብከፍተው ከደራርቱ ገጽ ሥር የመድኃኒት ማስታወቂያ ተደርድሯል። ያንን ለማጽዳት አንድ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ሦስተኛ፣ የሳይቱን አድራሻ ስም ዓመታዊ ክፍያ ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው በካርዱ የሚከፍልልኝ። አምና ሁለታችንም ረሳነውና 11 ቀን ጠፋ። በ2016 ዳታ ለወራት ሲቋረጥማ ጭራሽ ሳይት እንዳለኝም ረስቼው ነበር።

ልቤን የሰበረው ግን ባለፈው ሳምንት የመጣች አንዲት መልእክት ናት። የምሩፅ ይፍጠር ሠንጠረዥ ላይ «1972፣ ነሐስ» ይላል። ከሥሩ «1972፣ ሁለት ወርቅ» ይላል። አንባቢው «ምሩፅ በአንድ ዓመት ሁለት ኦሎምፒክ ሮጠ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልክ ነው። ሙኒክ በፈረንጅ 1972 ነው፣ ሞስኮ ደግሞ በእኛ 1972። ሁለቱን ዘመን አደባልቄ አስቀምጬዋለሁ። ለስንት ዓመት እንደዚያው እንደነበር እግዜር ይወቀው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያለ ነገር በሳምንት ሁለት ሰዓት ይያዛል? ወይስ በክብር ልዝጋው? ሞክራችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።

---

ቶሎ በል (ከምሽቱ 4፡31)

ብሮ አሁን ሳይት ማን ያነባል 😂 ቲክቶክ ክፈትና በአንድ ደቂቃ ጨርሰው። ወይ ቴሌግራም ቻናል።

---

ቡሬ ፎቶኮፒ (ከምሽቱ 4፡40)

@ቶሎ በል፣ ቴሌግራሙም አለኝ፤ 3 ሺህ ሰው አለበት። ችግሩ እዚያ የጻፍኩት በሁለተኛው ቀን ወደ ላይ ሄዶ ይቀበራል። ባለፈው አንድ ተማሪ ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ በስንት ሰዓት ገባ ብሎ ጠየቀኝ። ቻናሉ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እኔው ራሴ ፈልጌ አጣሁት። ሳይቱ ላይ ግን በአንድ ጊዜ ተገኘ፦ 2፡20፡26፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961። ለዚህ ነው የምሳሳለት። ልጁ አለቀሰ፣ ልሂድ።

---

የእንጅባራዋ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡05)

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ይቺን በሽታ አውቃታለሁ። እኔ የአርሰናል ነበርኩ። ሳትስቁ ስሙኝ። ለአራት ዓመት ያህል ስለ ቡድኑ በአማርኛ የሚጽፍ ገጽ ነበረኝ። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ነው፤ ተረኛ የሆንኩ ሌሊት በሽተኛ ሲቀንስ እጽፍ ነበር። አዳሬ ካለቀ በኋላ ደግሞ የጨዋታ ዘገባ። በመጨረሻ አንድ ቀን እንጀራ እየጋገርኩ ምጣዱ ላይ ስልክ አየሁና እንጀራው አረረ። ያን ቀን «ተው አንቺ» አልኩ ለራሴ።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ የገደለኝ ገጹ አልነበረም። ዜናው ነው። ዝውውር፣ ጉዳት፣ አሰላለፍ፣ «ሰበር»! ዜና የሚጽፍ ሰው ዕረፍት የለውም፤ አንተ ስትተኛ ሌላው ይጽፋል። ከትልልቆቹ ጋር መሽቀዳደም ደግሞ ከባጃጅ ጋር በእግር እንደመሮጥ ነው። ሰው ግን ተመልሶ መጥቶ ያነብልኝ የነበረው ዜናውን አልነበረም። በ2003/04 እ.ኤ.አ. ሳይሸነፉ የጨረሱትን 38 ጨዋታ፣ 26 ድልና 12 አቻ፣ አንድ በአንድ የጻፍኩበት ገጽ ነበር። እሱን አንዴ ጻፍኩት፤ ሁለት ዓመት አበላኝ። አንተም ቀነኒሳ ዛሬ ስንት ገባ የሚለውን ለሌላው ተውለት። የዛሬ ወር በተረጋጋ እጅ ጻፈው፤ ያኔ 41ን 14 አትልም።

የማደርገውን ልንገርህ፣ ከጠቀመህ። (አሁን የምጽፈው ስለ ጓሮ አትክልት ነው፤ አርሰናልን በልቤ ብቻ ይዤዋለሁ።) ሱቅህ ውስጥ ተራ ደብተር አስቀምጥ። በግራው ገጽ አምስት ደቂቃ የሚበቃቸውን ሥራዎች ጻፍ፦ የአንድ ስም ፊደል ማረም፣ የተሰበረ ሊንክ ማውጣት። በቀኙ አንድ ሰዓት የሚፈልጉትን። ደንበኛ ፎቶኮፒ እስኪወጣለት አንዷን የግራ ትሠራለህ። የቀኙን በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ብቻ ንካው፤ ቀኑንም ባለቤትህ ትምረጠው። እሷ የመረጠችው ቀን ጸብ የለበትም፣ እመኚኝ ብላኛለች የአንዷ ጓደኛዬ እናት።

አስተያየት መስጫውንም ዝጋው። «መልእክት የማነበው በወር አንዴ ነው» ብለህ ከላይ ለጥፍ። ማንም አይቀየምህም።

---

የዳሞት ልጅ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡50)

አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ፕሮግራመር ነኝ። ፍኖተ ሰላም ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ የቡሬ ሰው ሲቸገር ዝም ማለት አልቻልኩም። የምሳ ሰዓቴን ሰውቻለሁ።

ወርድፕረስ ለአንተ ሥራ የድግስ ድስት ነው፤ ለሦስት ሰው ሽሮ ጥደህበታል። ገጾችህ የማይለወጡ ጽሑፎች ናቸው። በዳታቤዝ (በመረጃ ቋት) ላይ የሚቀመጡበት ምክንያት የለም። ሁጎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተርህ ላይ በጽሑፍ ፋይል ትጽፋለህ፣ እሱ ወደ ድረ ገጽ ይቀይርልሃል፣ ከዚያ ጊትሃብ ፔጅስ የሚባል የድረ ገጽ ማስቀመጫ ላይ በነፃ ትሰቅለዋለህ። እስከ 1 ጊጋባይት ይፈቅዳል፤ ያንተ ጽሑፍ የዚያን ሩብ አይሞላም። የሚታደስ ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) የለም። የመድኃኒት ሻጭ የሚገባበትም በር የለም። ዋናው ደግሞ ኔት ሳይኖር ትሠራለህ፤ ሲመጣ በሁለት ደቂቃ ትልከዋለህ። ሙሉ ቅጂውም ፍላሽህ ላይ አለ። ኔት ወር ቢጠፋ ሥራህ አይጠፋም።

የስሙን ክፍያ በየዓመቱ አትክፈል። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ አንዴ ይመዘገባል። የአክስትህ ልጅ ለበዓል ሲመጣ የአምስት ዓመቱን ይክፈል፤ ብሩን እዚህ ስጠው። ደግሞ 11 ቀን ብቻ ጠፍቶ መመለሱ ዕድለኛ ነህ። ብዙ ከቆየ ስሙ ወደ ማስመለሻ ጊዜ ይገባል፤ ለ30 ቀን ያህል ባለቤቱ ቅጣት ጨምሮ ማስመለስ ይችላል። እሱ ካለፈ የማንም ነው።

አሁን ማንም ያልነካውን ላንሣ። ሳይትህን አሁን ከፈትኩትና መፈለጊያው ላይ «ሀይሌ ገብረስላሴ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም! «ኃይሌ ገብረሥላሴ» ስል መጣ። ወንድሜ፣ የስልክ ሰው ብዙኃኑን ኀ እና ንጉሡን ሠ ለይቶ አይጽፍም። ተቀመጥኩና ቆጠርኩት። «ኃ»ን በ6 መንገድ መጻፍ ይቻላል (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። «ሥ» በ2፣ «ሴ» በ2። 24 ሆነ። «ገብረ» እና «ሥላሴ» መካከል ክፍት ቦታ የሚተው ሲጨመር 48። አንድ ሰው፣ 48 አጻጻፍ፤ አንተ ያወቅከው አንዱን ብቻ። ከዚያ «ሳይት ማን ያነባል» ይባላል።

መፍትሔው አጭር ነው። ፈላጊው የጻፈውንም፣ ያንተንም ገጽ ከማወዳደርህ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ወደ አንድ ፊደል መልሳቸው፦ ሐመሩን ሐ እና ብዙኃኑን ኀ ወደ ሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ ወደ እሳቱ ሰ፣ ዓይኑን ዐ ወደ አልፋው አ፣ ፀሐዩን ፀ ወደ ጸሎቱ ጸ። ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ጋር አንድ አድርግ። ክፍት ቦታውንም አጥፋ። ይህ ከጀርባ ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ የሚታየው አጻጻፍ አይነካም፤ ኃይሌ ኃይሌ ሆኖ ይቀጥላል። ኮዱ 30 መስመር ቢሆን ነው። እኔ እጽፍልሃለሁ፤ ክፍያው የቡሬ ማር።

ፎቶውን ግን ቀንስ። የዜና ወኪሎችን ፎቶ እያነሣህ ለጥፈሃል። አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣብሃል። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ በነፃ የተለቀቁ አሉ፤ የአንሺውን ስም ጽፈህ ተጠቀም።

---

ጡረተኛው መምህር (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15)

ልጄ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። ሞጣ ነው የምኖረው። ለብዙ ዓመት ታሪክ አስተማርኩ፤ ከዚያ በፊት በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው፤ ፊደል ብስት እሱ ነው።

ያቺን የምሩፅን መልእክት የላክሁብህ እኔ ነኝ። ልብህን ለመስበር አልነበረም። ገጽህን ወድጄው ነው እየደጋገምኩ የማነበው። እንግዲያው የቀረውንም ልንገርህ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈበትን «1953» ብለሃል። 1960 ላይ 7 ቀንሰህ ነው። ስሕተት ነው።

ሮም ማራቶን የተሮጠው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። አዲስ ዓመታችን በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 11 ነበር። ስለዚህ አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። የዓመቱ የመጨረሻዋ ቀን! ዘመነ ዮሐንስ ሊወጣ፣ ዘመነ ማቴዎስ ሊገባ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሩጫው ማምሻውን ስለነበር፣ ቀንን ከዋዜማው ምሽት የሚቆጥር ካህን ቢኖር «አይ፣ መስከረም 1 ገብቷል» ብሎ ሊሟገትህ ይችላል። አንተ ግን ጳጉሜን 5 በል። ይህን የመሰለ ነገር ገጽህ ላይ «1953» በምትል አንዲት ቁጥር ተሸፍኖ ማየት ያሳዝናል።

ሕጉ ይህ ነው። ከአዲስ ዓመታችን እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7 ትቀንሳለህ። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማለቂያ 8 ትቀንሳለህ። ኦሎምፒክ አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ስለሚሆን 8 ነው፤ ቶኪዮ 1964፣ ሜክሲኮና ሲድኒ ግን መስከረምና ጥቅምት ላይ ስለዋሉ 7። ሮም የበላችህ በድንበሯ ላይ ስለቆመች ነው። ደግሞ ልብ በል፦ ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይውላል።

አንተ ጊዜ የለህም፤ እኔ ከጊዜ በቀር ምንም የለኝም። ቀኖቹን አሥር አሥር አድርገህ ላክልኝ፤ በባሕረ ሐሳብ አስልቼ እመልስልሃለሁ። በወረቀት ቢሆን ይሻለኛል። አተምና በሞጣ መኪና ላክ፤ ሹፌሮቹ ያውቁኛል።

---

ቶሎ በል (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡22)

ጋሼ ጳጉሜን 5 የሚለውን ለቲክቶክ ልስረቀው? 🙏 ከየት እንዳመጣሁት እናገራለሁ

---

ጡረተኛው መምህር (ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡40)

ውሰደው ልጄ። ቀኑን ብቻ እንዳታበላሸው።

---

ቡሬ ፎቶኮፒ (ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡45)

ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ። የት እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ዜናውን አቆምኩ። መጀመሪያ ገጹ ላይ «እዚህ የዛሬ ውጤት የለም፤ የቆየው ግን አለ» ብዬ ጻፍኩ። 40 ያህል ሰው ከቴሌግራሙ ወጣ። አንድ ሰው ሰነፍ አለኝ። የመጀመሪያው እሑድ እጄ ስልኩ ላይ ሲሄድ ሲመለስ ዋለ፤ ሲጋራ እንዳቆመ ሰው። ሁለተኛው እሑድ ከልጆቹ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ ነው ውጤቱን የሰማሁት፤ እሱንም ከባጃጅ ሹፌር።

@የእንጅባራዋ፣ ደብተሩን ይዣለሁ። የግራው ገጽ ሞልቶ ሦስተኛ ቅጠል ላይ ነኝ። ቀኑን እመቤቲቱ መረጠች፦ ሐሙስ። «ሐሙስ እኔም የራሴ ፕሮግራም አለኝ» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

@የዳሞት ልጅ፣ ማርህ በሰው ተልኳል፤ ነጭ ማር ነው፣ በጠርሙስ። ወደ ሁጎ ያዞርኩት ግማሹን ነው። በአንድ ሐሙስ 20 ገጽ ያህል ይሄዳል። ከ212 ገጽ ውስጥ 50 የሚሆነው ዝም ብሎ የድሮ ዜና ስለነበር ጣልኩት፤ አላዘንኩም። ትናንት መብራት ሳይኖር በላፕቶፑ ባትሪ ሠርቼ ዛሬ ጠዋት ላክሁት። መፈለጊያው ላይ «ሀይሌ» በሃሌታው ጻፍኩ፣ መጣ። «ምሩጽ» በጸሎቱ ጸ ጻፍኩ፣ መጣ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ይቺ ነበረች ችግሩ?» አለች።

ጋሼ፣ እርስዎ የላኩልኝ የመጀመሪያው ወረቀት ደርሷል፤ ሹፌሩ ሱቅ ድረስ ነው ያመጣልኝ። ከአሥሩ ቀን ሦስቱ ተሳስቼ ነበር። የሲድኒውን አስተካክያለሁ፦ ኃይሌ ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበት መስከረም 15፣ የደራርቱ 10 ሺህ መስከረም 20፣ የገዛኸኝ አበራ ማራቶን መስከረም 21 ቀን 1993። ሠንጠረዡን ሁለት ዓምድ አደረግኩት፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ፣ ሁለቱም ላይ ተጽፎበታል። ምሩፅ አሁን ሙኒክ 1964፣ ሞስኮ 1972 ነው። የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ያለበትን ወረቀት ላሚኔት አድርጌ ከማሽኑ በላይ ሰቅዬዋለሁ።

ዛሬ አንዲት ልጅ ፎርም ልትሞላ መጥታ ወረቀቱን አየችና «ጳጉሜን 5 ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። ልደቷ ጳጉሜን 5 ነው። የአበበን ገጽ አትምልኝ አለች፤ አተምኩላት። አላስከፈልኳትም። ሁለተኛውን አሥር ነገ በጠዋቱ መኪና እልካለሁ፤ ቶኪዮና ሜክሲኮ አሉበት።